መኪና ላይ ወጥ ቤት፦ ከአየር ጤና ከመውጣታችሁ በፊት ምን ትይዛላችሁ?

ኮልፌ ቀራንዮ ለሚኖር ሰው ከከተማ መውጣት ቅርብ ነው። አየር ጤናን አልፋችሁ ዓለም ገና፣ ሰበታ እያላችሁ በጅማ መንገድ ወሊሶና ወልቂጤ ትደርሳላችሁ። በአስኮ በኩል ከወጣችሁ ደግሞ ቡራዩ፣ ሆለታ፣ አምቦ ነው። አራት አምስት ጓደኛ ተሰብስቦ ሚኒባስ ተከራይቶ ወይም የአንዱን መኪና ይዞ ሁለት ሦስት ቀን ወጣ ማለት ዛሬ ብርቅ አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ሆድ ሲርብ ነው። በየከተማው ምግብ ቤት እየገቡ ለአራት ሰው ሦስት ጊዜ መክፈል ኪስ ያራቁታል። ከከተማ ራቅ ብላችሁ ድንኳን የምትተክሉበት ቦታ ላይ ደግሞ ምግብ ቤት የለም። ስለዚህ ወጥ ቤቱን ይዞ መሄድ ነው።

በውጭ አገር ለዚህ ተብሎ የተሠራ መኪና አለ፤ ሞተርሆም ይሉታል። አልጋው፣ ምድጃው፣ ዕቃ ማጠቢያውና ፍሪጁ ተገጥሞለት ይሸጣል። ከካይሮ ተነስተው ወደ ኬፕታውን የሚነዱ የውጭ ሰዎች በመተማ ገብተው በሞያሌ ሲወጡ እንዲህ ዓይነት መኪና እኛም አገር አልፎ አልፎ ይታይ ነበር። እኛ ጋ "የቤት መኪና" ሲባል ግን ያው የግል አውቶሞቢል ነው። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ የሚያወራው እጃችን ላይ ስላለው ነገር ነው፦ ሚኒባስ፣ ላንድክሩዘር፣ ሱዙኪ፣ አይሱዙ። ድስቱንና ምድጃውን ጭኖ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌርም ይጠቅመዋል ብለን እናስባለን፤ እሱ ግን ብዙውን ከእኛ በላይ ያውቀዋል።

ዋናውን ነገር ከወዲሁ እንበለው። ገንዘባችሁንና ጥንቃቄያችሁን እሳትና ውሃ ላይ አውሉት። ምግቡን አያቶቻችን ከጨረሱት ቆይተዋል። ለመኪና ወጥ ቤት ፍሪጅ የግድ አይደለም፤ እሳት ግን በአግባቡ ካልተያዘ ሰው ይገድላል።

1. መጀመሪያ እሳቱ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይቺን ያዙ፦ ሰው በሚተኛበት መኪና ወይም ድንኳን ውስጥ ከሰል አይገባም። ለማብሰልም፣ ለመሞቅም፣ "ትንሽ ፍም ናት" ተብሎም አይገባም።

ምክንያቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ከሰል ሲነድ ይወጣል፤ ቀለም የለውም፣ አይሸትም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የተኛ ሰው ደግሞ ጭራሽ ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ከሰሉ ጭሱ አልቆ "ቀልቷል፣ አሁን ችግር የለውም" የሚባልበት ሰዓት ላይ እንኳ ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። መስኮት ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም።

ይሄ ነገር አደገኛ የሚሆነው በተለይ ብርድ ባለበት ቦታ ነው። የወንጪ ሐይቅ ዙሪያ ያለው ጠርዝ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ባሌ ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ብርዱ ሲብስ ፍሙን ከውጭ አንስቶ ወደ ውስጥ ማስገባት ያምራል። አታድርጉት። ለብርዱ ጋቢና ብርድ ልብስ ያዙ፤ የፈላ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ። እሱ ይበቃል።

ምልክቶቹን እወቋቸው፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ መዛል። መኪና ውስጥ ካሉት ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው "ጉዞው ነው" አትበሉ። ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ፣ ከዚያ በፍጥነት ወደ ሕክምና። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ቁጥር 939 ነው። ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ መዝግቡት።

ታዲያ በምን እናብስል? አማራጮቹ እነዚህ ናቸው።

ቡታጋዝ፦ ለመኪና ከሁሉም የሚመቸው ይሄ ነው። ከትንሽ ሲሊንደር ጋር የሚገጠም ባለ አንድ ዓይን ምድጃ ለአራት ሰው ይበቃል። አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት በግምት ከ10 እስከ 20 ግራም ጋዝ ይበቃል፤ ንፋስ ካለ ግን እጥፍ ይበላል። ስለዚህ ንፋስ መከለያ ያዙ። የታጠፈ ቆርቆሮ በቂ ነው፤ ሲሊንደሩን ግን ዙሪያውን አትክደኑት፣ ይግላል።

ስለ ቡታጋዝ አራት ሕግ አለ፦
• ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቆሞ ይጫን፣ በገመድ ይታሰር። ተጋድሞ አይሄድም።
• መኪናው ሲንቀሳቀስ ቫልቩ ይዘጋ፣ ሬጉሌተሩ ይነቀል።
• ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ወደ ላይ አይወጣም፣ መኪናው ወለል ላይ ይተኛል። ከሸተታችሁ በሮቹን በሙሉ ከፍታችሁ ጠብቁ። ክብሪት ቀርቶ የመብራት ማብሪያ አትንኩ።
• ጎማውና መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው ከተነፋ ጋዝ ያፈሳል። ይሄንን ፍተሻ የምታደርጉት ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ነው።

የቆርቆሮ ካርትሪጅ ያላቸው የካምፕ ምድጃዎችም ይገኛሉ። ቀላልና ንጹሕ ናቸው። ውስጡ ቡቴን ብቻ ከሆነ ግን ብርዱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጋዙ መውጣት እምቢ ይላል። ሌሊቱን ብርድ ልብስ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት ይሠራል።

ከሰል፦ ከያዛችሁ ላቀች ምድጃ ያዙ። ከተራው የብረት ምድጃ ያነሰ ከሰል ይበላል፣ ሙቀቱንም ይይዛል። የሚነደው ግን ውጭ፣ ከመኪናው ራቅ ብሎ ነው። ስትጨርሱ ውሃ አፍሱበት፣ አመዱን በእጃችሁ ጀርባ ቀርባችሁ ሙቀቱን እዩ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ይጫን።

እንጨት፦ በየመንገዱ ይገኛል ብላችሁ አትተማመኑ። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ እንጨት መልቀም ክልክል ነው።

የትኛውንም ብትይዙ ትንሽ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ ይኑር። ዕቃ ሥር ተቀብሮ እሳት ሲነሳ የሚፈለግ ማጥፊያ ዋጋ የለውም። ዘይት ድስት ውስጥ ከተቀጣጠለ ውሃ አታፍሱበት፤ እሳቱን ዘግታችሁ ድስቱን ክደኑት።

2. ከዚያ ውሃው

ለማስታወስ የሚቀል ስሌት አለ፦ አንድ ሰው በቀን 5 ሊትር። 3 ሊትሩ ለመጠጥ፣ 2ቱ ለማብሰያና ለዕቃ ማጠቢያ። አራት ከሆናችሁ በቀን 20 ሊትር ማለት ነው። ያቺ ሁላችንም የምናውቃት ቢጫ ጀሪካን ልክ 20 ሊትር ናት። ስለዚህ ሕጉ፦ ለአራት ሰው፣ በቀን አንድ ቢጫ ጀሪካን። ወደ ጊቤ ሸለቆ ወይም ወደ አፋር ከወረዳችሁ ሙቀት ስላለ የመጠጡን ጨምሩ።

ሁለት ጀሪካን መኪና ላይ ይኑር። አንዱ ሲያልቅ የሚቀጥለው ከተማ ላይ ይሞላል። ከዚያ በላይ መጫን መኪናውን ማክበድ ነው፤ እያንዳንዱ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ከባድ ስለሆነም ቦታው የመኪናው ወለል ነው እንጂ ፖርቶመጋላ አይደለም። ጣሪያ ላይ የተጫነ ውሃ ኩርባ ላይ መኪናውን ያወዛውዛል።

የውሃ ጀሪካን ለውሃ ብቻ ነው። ዘይት ወይም ነዳጅ የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ብትታጠብ ለመጠጥ አትሆንም። አዲስ ግዙና ላዩ ላይ በማርከር "ውሃ" ብላችሁ ጻፉበት። ከታች ቧንቧ ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ደግሞ ለእጅ መታጠቢያ በጣም ትጠቅማለች፤ ውሃም ትቆጥባለች።

ከወንዝ፣ ከጉድጓድ ወይም ከማታውቁት ቧንቧ የቀዳችሁትን ውሃ ሳታክሙ አትጠጡ። ሁለት መንገድ አለ።

ማፍላት፦ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ግን 3 ደቂቃ። አብዛኛው ደጋ አገራችን ከ2,000 በላይ ስለሆነ እናንተ ሁልጊዜ 3 ብላችሁ ያዙት።

ውሃ አጋር፦ በየፋርማሲውና በየሱቁ ትገኛለች። መጠኑን ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው አድርጉ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ውሃው ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ በንጹሕ ነጠላ ወይም ጨርቅ አጥልሉት፤ በድፍርስ ውሃ ላይ መድኃኒቱ በደንብ አይሠራም።

3. ሳጥኑና ዕቃው

መኪና ላይ የዕቃ ጠላት መንገዱ ነው። ያልታሰረ ነገር ሁሉ ይንኳኳል፣ ይፈሳል፣ ይሰበራል። ድንገት ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ከኋላ ያለ ድስት የሰው ጭንቅላት ላይ ይመጣል። ስለዚህ ወጥ ቤታችሁ አንድ ሳጥን ይሁን።

ሳጥኑን ከእንጨት ወይም ከላሜራ ማሠራት ይቻላል። ሰፈራችን ብረት የሚበይዱ፣ እንጨት የሚሠሩ ወጣቶች ሞልተዋል። መርካቶ ምን አለሽ ተራ ብትሄዱ ደግሞ ከአሮጌ ቆርቆሮ የተሠራ ሳጥን፣ ምድጃና ማንጠልጠያ ታገኛላችሁ። የመኪናችሁን የኋላ በር ስፋትና ቁመት በሜትር ለክታችሁ ሂዱ። ወደ ፊት ወርዶ ጠረጴዛ የሚሆን ክዳን ካሠራችሁ መክተፊያ ቦታም አገኛችሁ ማለት ነው። ሳጥኑ ወለሉ ላይ በቀበቶ ይታሰር።

ውስጡ የሚገባው ይሄ ነው፦
• አንዱ ሌላው ውስጥ የሚገባ ሁለት ድስት ከነክዳኑ፣ አንድ መጥበሻ
• ማንቆርቆሪያ
• አንድ ስለታም ቢላ ከነሰገባው፣ መክተፊያ
• ጭልፋ፣ ማማሰያ፣ ማንኪያ
• አንድ ትልቅ ትሪ። አራት ሰሃን ከመያዝ አንድ ትሪ ላይ መብላት ይሻላል፤ የሚታጠበውም አንድ ነው
• በሰው ልክ ኩባያ። ብርጭቆ አትያዙ
• አንድ ጥሩ ፔርሙስ
• ሁለት ሳፋ፣ አንዱ ለማጠቢያ፣ አንዱ ለማለቅለቂያ
• ሳሙና፣ ስፖንጅ፣ ሁለት ፎጣ
• ክብሪትም ላይተርም። አንዱ ይረጥባል፣ አንዱ ያልቃል
• የግንባር ባትሪ፦ ማታ በስልክ መብራት ሽንኩርት መክተፍ ጣት መክተፍ ነው

ጀበና መያዝ የምትፈልጉ አላችሁ፣ እናውቃለን። የሸክላዋን በፎጣ ጠቅልላችሁ ድስቱ ውስጥ አስቀምጧት፤ ሲኒዎቹንም እንዲሁ። የብረት ጀበና ካገኛችሁ ግን ከጭንቀት ትድናላችሁ። ቡናው ተቆልቶና ተፈጭቶ ይያዝ፤ መቁላቱ ብዙ ጋዝ ይበላል።

አንድ የተረሳ ዕቃ እናስታውሳችሁ፦ አገልግል። ዙሪያው በቆዳ የተለበጠ የስፌት ዕቃ ነው፤ ለመንገድ ተብሎ የተሠራ። ተፈትፍቶ የተጠቀጠቀ እንጀራ ቆዳው ውስጥ እርጥበቱን ጠብቆ ይቆያል፤ ቢንገላታም አይፈስም። የመጀመሪያውን ቀን ምሳ በአገልግል ከያዛችሁ ምድጃ ሳትለኩሱ ትውላላችሁ።

4. ስንቁ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተዋጋው ሠራዊት ከየአገሩ ተነስቶ ሳምንታት በእግሩ ሲጓዝ በስልቻና በአቁማዳ የቋጠረውን ስንቅ ይዞ ነበር። ከጦርነቱ በፊት ባሉት ቀናት ካምፑን ካስጨነቁት ነገሮች አንዱም የስንቁ ማለቅ ነው። ያን ጊዜ ፍሪጅ የለም፣ ቆርቆሮ ምግብ የለም። ቀላል፣ ደረቅ፣ የማይበላሽ፣ ሲያስፈልግ ያለ እሳት የሚበላ ምግብ ነው የተፈለገው። የመኪና ወጥ ቤት የሚፈልገውም በትክክል ይሄንኑ ነው።

ያለ እሳት የሚበሉ፦ በሶ ከሁሉም ቀዳሚ ነው። ገብሱ አስቀድሞ ስለተቆላ በውሃና በትንሽ ስኳር ወይም ማር በጥብጦ መጠጣት፣ በጨውና በበርበሬ አሽቶ መብላት ይቻላል። በንጥር ቅቤ ከተለወሰ ጭኮ ይሆናል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ኦቾሎኒ ሾፌሩን እንዳያንቀላፋ ያግዙታል።

በ10 ደቂቃ የሚደርሱ፦ ሽሮ አንደኛ ነው። ቅመሙ ዱቄቱ ውስጥ ስላለ ሽንኩርት ባይኖር እንኳ ይበላል። ድርቆሽ ሁለተኛ ነው። እንጀራ ደጋ ላይ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል፤ ቆላ ስትወርዱ ግን ቶሎ ይሻግታል። ድርቆሽ እርጥበት ካልነካው ለሳምንታት አይበላሽም። ቀይ ቁሌት ሠርታችሁ ጨምሩበት፤ ፍርፍር ሆነ። ፓስታና ቂንጬም እዚህ ውስጥ ናቸው።

ሳይበላሹ የሚሰነብቱ፦ ንጥር ቅቤ ውሃውና አጓቱ ስለወጣለት ያለ ፍሪጅ ይቆያል። ለጋ ቅቤ ግን አይቆይም። ቋንጣ በደንብ ከደረቀ አስተማማኝ ነው። እንቁላል ሳይታጠብ ያዙ፤ ከታጠበ የተፈጥሮ መከላከያው ስለሚነሳ ቶሎ ይበላሻል። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ሎሚ ይችላሉ። ቲማቲም ጥሬ ጠጠር ያለውን ምረጡ።

አትያዙ የምንላቸው፦ ጥሬ ሥጋ፣ ወተት፣ አይብ። ወልቂጤ ስትደርሱ ክትፎና ቆጮ አለላችሁ፤ እዚያው ቁጭ ብላችሁ ብሉት እንጂ ጭናችሁ አትሂዱ።

የተረፈ ምግብስ? የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ካደረ አትብሉት። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። ሽሮ ነው፣ ጾም ነው ብላችሁ አትተማመኑ፤ በተለይ ሩዝ ሆድ ያበላሻል። መፍትሔው የምትጨርሱትን ያህል ብቻ መሥራት ነው።

ለአራት ሰው፣ ለአራት ቀን የሚሆን መነሻ ዝርዝር እነሆ። የበላተኛውን ዓይነት የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ጨምሩ ቀንሱ፦
• እንጀራ 20 (ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት)
• ድርቆሽ 1 ኪሎ ተኩል
• ሽሮ 1 ኪሎ
• ምስር ክክ 1 ኪሎ
• ፓስታ 2 ኪሎ
• በሶ 2 ኪሎ
• ቆሎና ዳቦ ቆሎ 2 ኪሎ
• ሽንኩርት 3 ኪሎ፣ ነጭ ሽንኩርት ሩብ ኪሎ
• ድንች 2 ኪሎ፣ ቲማቲም 1 ኪሎ፣ ቃሪያ
• ዘይት 1 ሊትር
• በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ጨው በትንንሽ ዕቃ
• ቡና ግማሽ ኪሎ፣ ሻይ ቅጠል፣ ስኳር 1 ኪሎ ተኩል
• ሎሚ 10 ፍሬ

ዋጋ ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው፤ እስክታነቡት ይቀየራል። ግን አንድ ምክር፦ ደረቅ ደረቁን ከሰፈር ወይም ከመርካቶ ግዙ፣ አትክልቱን ከመንገድ። ዱቄት ሁሉ ክዳኑ በሚጠበቅ የፕላስቲክ ዕቃ ይግባ፣ ላዩ ላይ ስሙ ይጻፍበት። ማታ በጨለማ ሽሮና በሶ ይመሳሰላሉ፤ ስንቱን እራት ያበላሸ ስህተት ነው።

5. አንድ ድስት፣ ሁሉም የሚበላው

ይሄን የውጭ አገር የካምፕ መጽሐፍ አይነግራችሁም። ሰፈራችን ክርስቲያንና ሙስሊም ተቀላቅሎ የሚኖርበት ነው፤ ጓደኝነቱም እንዲሁ። መኪና ውስጥ አራት ሰው ካለ አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ጴንጤ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ክርስቲያኑ ሙስሊሙ ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑ ያረደውን ሥጋ አይበላም። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ኦርቶዶክሱ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አይቀምስም። ዐቢይ ጾም ከገባማ ከሃምሳ ቀን በላይ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዋናው ድስት ሁልጊዜ የጾም ይሁን። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ፓስታ በቲማቲም። ሁሉም ይበላዋል፣ ማንም አይሳቀቅም፣ ፍሪጅም አይጠይቅም። ቋንጣና ቅቤ የሚፈልግ በራሱ ዕቃ ይያዝ፣ በትንሿ ድስት ለብቻ ይሥራ፣ ማማሰያውም ይለይ። ይሄንን ከመውጣታችሁ በፊት ተነጋገሩበት። ጫካ መሃል አንድ ሰው ተርቦ ሲያይ ሌላው ሲበላ ጉዞው ይበላሻል። ጉዞው ረመዳን ላይ ከዋለ ደግሞ የሚጾመው ጓደኛችሁ ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ መኪናው ቆሞ፣ ውሃና ቴምር ተዘጋጅቶ ይጠብቀው።

6. ከፍታና ማብሰል

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው ባሕር ጠለል ላይ ነው። በየ300 ሜትሩ ወደ ላይ ስትወጡ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሳነቴ ላይ 87 ገደማ ይደርሳል። ይንፈቀፈቃል፣ ግን ሙቀቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከፍ ባላችሁ ቁጥር ድፍን ምስርና ባቄላ አልበስል እያለ ጋዛችሁን ይጨርሳል።

ሦስት ዘዴ አለ። አንደኛ፣ ድፍኑን ትታችሁ ክክ ያዙ። ሁለተኛ፣ ጠዋት ክዳን ባለው ዕቃ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ጫኑት፤ ማታ ስትደርሱ ለስልሶ ይጠብቃችኋል። ሦስተኛ፣ ድስቱን አፍልታችሁ ጥቂት ደቂቃ ካንተከተካችሁት በኋላ ከእሳት አውጡና ክዳኑን ሳትከፍቱ በጋቢ ጠቅልሉት። ሩዝ በዚህ መንገድ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ራሱን ያበስላል፣ ጋዙም ተቆጠበ።

7. ኤሌክትሪክ፦ ምን ይቻላል፣ ምን አይቻልም?

"ኢንቨርተር ገዝተን ማንቆርቆሪያ ብንሰካስ?" የሚል ጥያቄ አይጠፋም። ሒሳቡን እንሥራው። 1,000 ዋት ማንቆርቆሪያ ከ12 ቮልት ባትሪ ከ80 አምፔር በላይ ይስባል። የሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ይሄንን አይችልም፤ ፊውዙን ያቃጥላል። በቀጥታ ከባትሪው ቢገናኝም 70 አምፔር ሰዓት ያለው ተራ ባትሪ ግማሹ እስኪያልቅ ከግማሽ ሰዓት በታች ነው የሚፈጀው። ጠዋት ሞተሩ አይነሳም። ጫካ መሃል ሻይ ጠጥቶ መኪና መግፋት ማለት ነው።

የሚቻለው፦ ስልክ መሙላት፣ የኤልኢዲ መብራት፣ ለመኪና ተብላ የተሠራች ትንሽ ባለ ኮምፕረሰር ፍሪጅ። ፍሪጇም ብትሆን ሞተሩ ሲጠፋ ሌላ ባትሪ ትፈልጋለች።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለ የኤሌክትሪኩ ቁጥር ጨምሯል። አንዳንዶቹ ሞዴሎች ከመኪናው ባትሪ ወደ ውጭ ኤሌክትሪክ የመስጠት አቅም አላቸው፤ ያኔ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቀርቶ ምጣድ ማሰብም ይመጣል። ማንዋሉን አይታችሁ መኪናችሁ ይሄ እንዳለው፣ ስንት ዋት እንደሚሰጥም አረጋግጡ። እና መመለሻችሁን አትርሱ፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ቻርጅ ማድረጊያ እንደ ነዳጅ ማደያ በየከተማው አይገኝም።

8. ቆሻሻው

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እኛው አካባቢ የሆነ ነገር ነው። ቆሻሻ "ከዓይን ከራቀ ጠፋ" እንደማይባል ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አንድ ጆንያ መኪናው ኋላ ይሰቀል፤ ፕላስቲኩ፣ ቆርቆሮው፣ የውሃ ጠርሙሱ ሁሉ ይመለስ። ዕቃ የምታጥቡት ከወንዝና ከምንጭ ራቅ ብላችሁ በሳፋ ነው፤ እጣቢው መሬት ላይ ይፍሰስ። ያ ምንጭ የአንድ መንደር የመጠጥ ውሃ ነው።

9. ከመውጣታችሁ በፊት፦ የ10 ደቂቃ ፍተሻ

ይሄንን ስክሪንሾት አድርጉት፦
1. የምትሄዱበት መንገድ ዛሬ ሰላም ነው? እዚያ ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ የሳምንት ወሬ አይበቃም።
2. የቡታጋዙ ጎማ በሳሙና ተፈትሿል? ቫልቩ ተዘግቷል? ሲሊንደሩ ቆሞ ታስሯል?
3. እሳት ማጥፊያው ከሾፌሩ አጠገብ ነው? የአገልግሎት ጊዜው አላለፈም?
4. ሁለት ጀሪካን ውሃ ሞልቷል? ውሃ አጋር ተይዟል?
5. ሳጥኑ ታስሯል? ቢላው ሰገባው ውስጥ ነው?
6. ክብሪት በሁለት ቦታ አለ?
7. ማን ምን አይበላም? ተነጋግራችኋል?
8. በነዳጅ የተሞላ ጀሪካን ከምግቡ ወይም ከምድጃው ጋር አልተጫነም?
9. 907 ስልክ ላይ ተመዝግቧል?
10. ብርድ ልብስ ለሁሉም ሰው አለ? ብርድ ልብስ ካልበቃ ነው ከሰል ወደ መኪና የሚገባው።

ይቺን ጽሑፍ አብሯችሁ ለሚጓዝ ሰው ላኩለት። በተለይ ከሰል ይዞ ድንኳን ውስጥ የሚገባ ጓደኛ ካላችሁ ሌላው ቢቀር ቁጥር 1ን ያንብብ። መልካም መንገድ።